ጠዋት ሰላም ትላት የነበረችው ክሪስታል

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህንነትህን እናታችን ትነግረኛለች፤ ስልኩን ዘግታ ገና ሳትቀመጥ ምን እንደበላህ፣ ድምፅህ ጎርነን ብሎ እንደነበር፣ የማን ፍሪጅ አላስቀምጥ እንዳለህ አንድ በአንድ ትዘረግፍልኛለች። እኔ ስደውል ግን «ሥራ ላይ ነኝ፣ ሚጢ» ትለኝና ትዘጋዋለህ። ጸጉሬ መሸበት ጀምሮ እንኳ ሚጢ ማለትህን አለመተውህ ደስ ይለኛል፤ መዝጋትህ ግን ያበሽቀኛል። በስልክ ካልሆነ እንግዲህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእናታችን ጮክ ብዬ እንዳነብላት ቃል አስገብታኛለች። «ልጄ ከዚያ ሥራ ለምን እንደወጣ እስከ ዛሬ በቅጡ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ አሁን ደግሞ ሁለታችሁ በዶክተርኛ ልትጻጻፉብኝ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንተ አልነገርካት፤ እኔም የአንተ ጉዳይ ነው ብዬ አፌን ይዤ ኖርኩ። ስለዚህ ጠንቅቀህ የምታውቀውን ነገር ከሥሩ ጀምሬ ብተርክልህ አትቆጣኝ። የማስረዳው ለእሷ ነው፤ አንተ ዝም ብለህ አዳምጥ።

ሥራችን ይህ ነበር። የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ የሆነ ክሪስታል አለ፤ ፖታሲየም ብሮማይድ ይባላል። ሲያዩት መስታወት ይመስላል። ምላጭ አስደግፈን ከላይ መታ ስናደርገው ለሁለት ይከፈልና ማንም ያልነካው ልሙጥ ፊት ያወጣል። ያንን ቁራጭ አየር ተመጥጦ ከወጣለት የብረት ጋን ውስጥ አስገብተን ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን እናበራበታለን። ያኔ ከክሪስታሉ ፊት ላይ አተሞች እየተነሱ ይሄዳሉ። የፋቃቸው የለም፣ ያቀለጣቸው የለም፤ ብርሃን ስላረፈባቸው ብቻ ቦታቸውን ለቀው ይወጣሉ። አብዛኞቹ እንዲሁ እንዳሉ ይወጣሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ኤሌክትሪክ ተሸክመው ይወጣሉ፣ እነዚያን አዮን እንላቸዋለን። የእኛ ሥራ የሚወጣውን በየዓይነቱ ለይቶ መቁጠር ነው።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን አነበብኩላት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን እየወለወለች ሰማችኝና፣ «እሺ፤ ከቆጠራችሁ በኋላስ?» አለችኝ።

«እንጽፈዋለን።»

«ለማን?»

«እንደኛው ለሚቆጥሩ ሰዎች።»

«ጉድ ነው» ብላ ሳቀች። «ይሄን ብላችሁ ነው እራት የምታስቀዘቅዙብኝ የነበረው?» ከመብራትና ከመስታወት ፋብሪካዎች ጀምሮ ብዙ ሰው እንደሚጠቀምበት ላስረዳት ሞከርኩ፤ እሷ ግን መሳቋን ቀጠለች። ላብራቶሪ የመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ? ጋኑን አልሙኒየም ፎይል በፎይል አድርገን ጠቅልለን ስናሞቀው ደረሰች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እርጥበት ለማስወጣት ነው ብንላት፣ «ቤት ውስጥ ድስት ለማሞቅ የሚሰንፍ ልጅ እዚህ ብረት ይጋግራል» ብላ ፕሮፌሰሩ ፊት አሳፈረችህ። ፕሮፌሰሩ እስከ ዛሬ ጋኑ በተጠቀለለ ቁጥር ያንን አንስተው ይስቃሉ።

እዚያ ቤት ያስገባኸኝ አንተ ነህ። የመጀመሪያ ቀኔን ሳስብ ዛሬም እጄን መታጠብ ያምረኛል። «ጓንት ሳታደርጊ ምንም እንዳትነኪ፤ የጣትሽ ቅባት እዚያ ውስጥ ከገባ አንቺ ጡረታ ስትወጪም እሱ አይወጣም» አልከኝ። ከዚያ መቁጠሪያውን ከፈትክ፣ የአልትራቫዮሌቱን መብራት መዝጊያ አነሳህ፣ ወዲያው ደግሞ ከኪስህ ያቺን ባትሪህን አውጥተህ በጋኑ ትንሽ መስኮት ወደ ውስጥ አበራህ። ክሪስታሏ ከቦታዋ አለመንሸራተቷን ለማየት ነው። አየሃትና እንደ ጎረቤት ሴት፣ «እንደምን አደርሽ?» አልካት። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ አንተ አልሳቅህም። ለካ ሁልጊዜ ነው። ልጆቹ በሙሉ ከጀርባህ «ዶክተር እንደምን አደርሽ» ይሉህ እንደነበር ታውቅ ነበር፣ ቅር ብሎህም አያውቅም።

ጉብታውን ያገኘኸው በዚያው ዓመት ነው። እናታችን እንድትረዳው ላስረዳ። የእኛ ክሪስታል ሁለት ዓይነት አተም አለው፤ ብሮሚንና ፖታሲየም። ብርሃን ሲያርፍበት ብሮሚኑ ቶሎ ይወጣል፣ ፖታሲየሙ ግን ከኋላ ቀርቶ ቀስ እያለ ነው የሚከተለው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይህንን ነበር። የአንተ ግራፍ ላይ ግን መብራቱ በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ፖታሲየሙ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፤ መስመሩ ይነሳና ጉብ ብሎ ይወርዳል። ደጋግመህ አየኸው። አልትራቫዮሌቱ ፖታሲየሙንም ባንድ ጊዜ የሚያስነሳበት እስካሁን ያልታወቀ መንገድ አለ ብለህ ጻፍክ። ጽሑፉ ታተመ፤ ሰዉ ተነጋገረበት፤ አንተም ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ኮት ገዛህ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናታችን አታውቅም። ሌሎች ላብራቶሪዎች ሞከሩትና ጉብታውን አጡት። አንዱ አጣው፣ ሌላውም አጣው። ፕሮፌሰሩ ተጨነቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንተም እንደዚያ ብለህ አታውቅም። «እንግዲያው እኛው ራሳችን ጥንቅቅ አድርገን እንድገመው፤ ከውጭ የሚገባ አንዳች ነገር አይኑር» አሉ። የጋኑ መስኮት በጥቁር ጨርቅ እንዲሸፈን አዘዙ። ክሪስታሏ ቦታ መያዟንም ከእንግዲህ በዓይን ሳይሆን እሷን በሚያንቀሳቅሰው መዘውር ላይ ባለው ቁጥር እንድናውቅ ተባለ። ደገምነው፤ ጉብታው የለም። አንተ ራስህ በገዛ እጅህ ደገምከው፤ የለም። ስብሰባው ላይ ፕሮፌሰሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምናልባት የማሽን ረብሻ ነበር ይሆናል» አሉ። አንተ «ይሆናል» አልክ።

ጽሑፉን ራስህ ጠይቀህ ከመጽሔቱ አስነሳኸው። ያን ዕለት ቤት መጥተህ ራትህን ሙሉ በሙሉ በላህ፤ ይህን ነው ሁሌ የማስታውሰው። እናታችን «ጨምሪለት» ስትለኝ ጨመርኩልህ፣ እሱንም በላህ። ሳህንህን አጥበህ ከደረደርክ በኋላ፣ «ከነገ ጀምሮ አልሄድም። ስሜም እዚያ ቤት እንዳይነሳ» አልክ። ዕቃህን እንኳ ያመጣሁልህ እኔ ነኝ። ትንሽ ቆይተህ ወደዚያ ከተማ ሄድክ፣ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆንክ።

በፍሪጅ ጥገና አላፍርብህም፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት እናታችን ሹራብ አሸክማኝ ስመጣ ሱቅህ ጥግ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ሙሉ ሥራህን ሳይ ዋልኩ። ሆዳቸውን የተከፈቱ ፍሪጆች እስከ በሩ ተደርድረዋል። ጋዝ ከመሙላትህ በፊት ቱቦውን በቫክዩም ፓምፕ ስትመጠው ሳይ ሳቄ መጣ፤ ከላብራቶሪ ብትወጣም ቫክዩም አልለቀቀህም። የመዳብ ቱቦው የሚያፈስበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ስትፈልግ እጅህ ያው የድሮው እጅህ ነው። ሰፈርተኛው ደግሞ «ጋሽ ብርዱ» የሚል ስም አውጥቶልሃል፤ ለሦስት ቀን ስስቅ ከረምኩ።

ያቺ ደንበኛህ ግን ከሐሳቤ አልወጣችም። ፍሪጇ ተሠርቶ አልቋል፣ ውስጡ በረዶ ሠርቷል። «ጋሽ ብርዱ፣ እጄን ሳስገባ ቆረጠመኝ እኮ፤ እባክዎ ልውሰደው» አለችህ። «ትንሽ ይቆይ» አልካት። ቴርሞሜትሩን አወጣህ፣ በጨርቅ ጠረግኸው፣ መልሰህ አስገባኸው። እንደገና አየኸው። እንደገና ጠረግኸው። ሴትዮዋ አንዴ በአንዱ እግሯ አንዴ በሌላው እየቆመች ትጠብቃለች። እኔ ጣልቃ ገባሁና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ሠርቷል እኮ» አልኩህ። ሳትዞር ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «እኔ ሠርቷል ስላልኩ አይሠራም፣ ሚጢ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እስከ ቤት ድረስ ያንን ሳብሰለስለው መጣሁ። ሥራውን መተውህ አይደለም የቆጨኝ። ሰው ሥራ ይለውጣል። አንተ ግን የገዛ ዓይንህን ማመን ትተሃል፤ ዓይንህ አንድ ጊዜ የሌለ ነገር አሳይቶኛል ብለህ ፈርደህበት ይኸው በቴርሞሜትር እየከሰስከው ትኖራለህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር እንደ እሾህ ሲወጋኝ ነበር። ምን ላድርግ? ሄጄ «ዓይንህ ደህና ነው» ብልህ በምን አስረዳለሁ? እኔም ራሴ ጉብታውን አላገኘሁትማ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ባለፈው ወር የእናታችን ፍሪጅ ማንኳኳት ጀመረ። ደወልኩልህ፤ ድምፁን በስልክ ላሰማህ ነበር ሐሳቤ። «ቴክኒሻን ጥሩ» አልከኝ። «አንተ ማነህ ታዲያ?» አልኩህ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ ሚጢ።» ዘጋኸው። ደሜ ፈላ። እየተነጫነጭኩ ላብራቶሪ ገባሁ። እዚያ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ የመዘውሩን እጀታ ነክቶት ነው መሰለኝ ቁጥሩ ተዛብቶ ጠበቀኝ። ትናንት በአልትራቫዮሌት የመታኋት ክሪስታል የት እንዳለች በቁጥር ማወቅ አልቻልኩም። እልህ ይዞኝ ጥቁሩን ጨርቅ ገለጥኩና የስልኬን መብራት በመስኮቱ አበራሁ። ከንዴቴ የተነሳ የአንተን ድምፅ አስመስዬ፣ «እንደምን አደርሽ? እኔ እንኳ ሥራ ላይ ነኝ፣ መነጋገር አልችልም» አልኳት።

ቀና ስል ቀድሜ በከፈትኩት መቁጠሪያ ስክሪን ላይ የፖታሲየሙ መስመር ወጥቷል።

ገመድ ላልቶ ነው ብዬ ነካካሁት። ደህና ነው። የስልኬን መብራት አጠፋሁ፤ መስመሩ ወረደ። አበራሁ፤ ተነሳ። የአልትራቫዮሌቱ መብራት እኮ ገና አልተከፈተም ነበር፣ ወንድም ጋሼ፤ መዝጊያው እንደተዘጋ ነው። ክሪስታሏ ላይ ያረፈው የስልኬ መብራት ብቻ ነው። የምቀመጥበት ወንበር የት እንዳለ ጠፋኝና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ። በንዴት የጀመርኩትን ቀን በዕንባ ስጨርሰው ያየችኝ ተማሪያችን የሞተ ሰው ያለ መስሏት ውኃ ይዛልኝ መጣች።

ከዚያ በኋላ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ሥራዬን ጀመርኩ። አዲስ ክሪስታል ሰንጥቄ አስገባሁና ምንም ሳላደርጋት ስልኬን አበራሁባት፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ያችኑ ክሪስታል በአልትራቫዮሌት መትቼ በጨለማ አሳደርኳትና በማግስቱ አበራሁባት፤ ተነሳ። ከጸሐፊዋ ዘንድ ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ የፋይል ሽፋን ለምኜ በየተራ ስልኬ ፊት ጋረድኩ፤ በቀዩ ሲያልፍ ጉብታው አለ፣ በሰማያዊው ሲያልፍ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ኋላ ደህና ማጣሪያ መስታወት አግኝቼ ስደግመውም ያው ነው። አንተ መቼም አሁን ገብቶሃል፤ ሳታነበው ሁሉ ገብቶህ መሳቢያ እየከፈትክ እስኪርቢቶ እየፈለግህ ይሆናል። ቆይ ለእናታችን ልጨርስላት።

እማዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አልትራቫዮሌቱ ብሮሚኑን ሲያስወጣው ቦታው ባዶ ይቀራል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ገብቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲበዛ ክሪስታሏ ሰማያዊ ትሆናለች፤ መብራቱ ያረፈበት ላይ ብቻ፣ ልክ ቀለም እንደነካት። ጨለማ ውስጥ ከቆየች ያ ሁሉ እንደተቀመጠ ያድራል። በማግስቱ ተራ ብርሃን ሲያገኘው፣ በተለይ ቀይ ቀዩ፣ ያ ኤሌክትሮን ይነሳሳና ባዶው ቦታ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ እየተንቀሳቀሰም ፊቷ ላይ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ጎረቤቱ የነበረው ፖታሲየም የሚይዘው ያጣና ብድግ ብሎ ይወጣል።

ይህን አነበብኩላት። «ትናንት የተቀመጠውን ነው እንግዲህ ዛሬ የሚያስነሳው» አለች። አዎ አልኳት። «ባትሪው ነው ያስነሳው?» ባትሪው ነው። «ልጄ ያየው ነገር ነበረ ማለት ነው?»

ነበረ፣ እማዬ። ያየው ነገር ነበረ።

አየህ፣ ወንድም ጋሼ፤ አንተ ክሪስታሏን ቶሎ ቶሎ መቀየር አትወድም ነበር፤ አንዷን አስገብተህ ቀናት ታሠራት ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ባትሪህ የሚያርፈው ትናንት የተመታች፣ ያደረች ክሪስታል ላይ ነው። መቁጠሪያውን ትከፍታለህ፣ መዝጊያውን ታነሳለህ፣ ወዲያው ሰላም ትላታለህ፤ ጉብታው የሚወጣው በዚያ ቅጽበት ነው። ሌሎቹ እንኳንስ ሰላም ሊሏት መስኮታቸውን ሸፍነው ነው የሠሩት። እኛም ጥንቃቄ አደረግን ብለን መስኮቱን ስንጋርድ አብረን ጉብታውን ጋረድነው። ማሽኑ አልረበሸም። አንተም አልቃዠህም። መስመሩ ላይ ያየኸው እያንዳንዱ አተም ከክሪስታሏ ተነስቶ የወጣ እውነተኛ አተም ነው።

አሁን የማትወደውን ክፍል ልንገርህ፤ ሸፋፍኜ ባቀርብልህ ትታዘበኛለህ። የጻፍከው ምክንያት ስህተት ነው። አልትራቫዮሌቱ ነው ያስነሳው ብለሃል፤ አይደለም። እሱ ያዘጋጀዋል እንጂ በዚያች ቅጽበት የሚያስነሳው የኪስ ባትሪህ ነው። ያየኸው ልክ ነው፣ የተረጎምክበት መንገድ ልክ አይደለም። እኔ ይህንን አሁን በምናወጣው አዲስ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ፤ አልሸሽግልህም። አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ግማሽ ልክ የሚባል ነገር አትወድም። የሒሳብ መምህራችን ግማሽ ማርክ ሲሰጡህ «ወይ ሙሉውን ይስጡኝ ወይ ዜሮ ያድርጉልኝ» ብለህ ቆመህ የተከራከርክ ልጅ ነህ። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ዜሮውን ይዘህ ተቀመጥክ፤ አሁን ግማሹን ይዤልህ ስመጣ አልፈልግም እንዳትለኝ።

ለፕሮፌሰሩ ያሳየኋቸው ሁሉንም ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። ስልኬን ተቀበሉኝና ራሳቸው አበሩ። አጠፉ። አበሩ። ብዙ ደቂቃ እንዲሁ ሲያበሩና ሲያጠፉ ቆዩ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ያዙ።

«ጨርቁን ያስሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ጥንቃቄ ነበር እኮ፣ ፕሮፌሰር። ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር» አልኳቸው።

«ማንም ቢሆን። አዎ። ሰውየው ግን የሄደው ከእኔ ላብራቶሪ ነው።» ስልኬን መለሱልኝና፣ «ልደውልለት?» አሉኝ።

«አያነሳልዎትም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በየዓመቱ እደውላለሁ።»

ይህንን ነግረኸኝ አታውቅም። በየዓመቱ ይደውሉልህ ነበር? እኔ እኮ አንተም እሳቸውም የተረሳሳችሁ መስሎኝ አንዳችሁን በሌላችሁ ፊት ላነሳ ስፈራ ኖርኩ። ጉደኞች ናችሁ፣ ሁለታችሁም። ለማንኛውም ጽሑፉ ላይ መስኮቱን የመሸፈኑን ነገር ራሳቸው ሊጽፉት ይፈልጋሉ፤ የማን ውሳኔ እንደነበር ጭምር። እኔ አላልኳቸውም፤ በራሳቸው ነው።

አሁን የምፈልግብህን ልንገርህ። ጽሑፉ አልቋል። ሌላ አንድ ቡድን ወደዚሁ ነገር እየተጠጋ እንደሆነ ሰምተናል፤ ስለዚህ ከወሩ መጨረሻ ማሳለፍ አንችልም። አልደብቅህም፣ የእኔም ኮንትራት የሚታደሰው ይህ ከወጣ ነው። ስምህ መጀመሪያ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ፕሮፌሰሩም ተስማምተዋል። መጽሔቱ ግን እያንዳንዱን ጸሐፊ ራሱን ነው የሚጠይቀው። ያለ ፈቃድህ ስምህን ማስገባት አልችልም፤ ብችልም አላደርገውም። አንተ ደግሞ ስሜ እዚያ ቤት እንዳይነሳ ብለህ የሄድክ ሰው ነህ። ቃልህን አክብሬ እስካሁን አንድም ቀን አላነሳሁትም፤ ያለ ስም «እሱ» እያልን ነው የኖርነው። አሁን ያንን ቃል አንሣልኝ ብዬ እለምንሃለሁ።

ተመለስ አልልህም። ሱቅህ ጥሩ ነው፣ ሰዉ ይወድሃል፣ ከቀዘቀዘ ፍሪጅ የሚበልጥ ጥቅም ለሰው ልጅ አስገኝተናል ብዬም አልከራከርህም። አንድ ቀን መጥተህ በዓይንህ ብታየው ግን ደስ ይለኛል። መምጣት ካቃተህም ጽሑፉን ካነበብከው ይበቃኛል። ናፍቀኸኛል። ከፍሪጅና ከእናታችን ሳል ሌላ የምንነጋገርበት ነገር ናፍቆኛል። ማታ ማታ እራት ላይ ስትነታረከኝ፣ «ይሄን በምን አወቅሽ? አሳዪኝ» ስትለኝ የነበረው ናፍቆኛል። ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ የሚሞግተኝ የለም፤ ሁሉም «ጥሩ ነው፣ ዶክተር» ብሎኝ ያልፋል።

እናታችን ይህን ሁሉ አዳመጠችና ምን ትጨምሪለታለሽ ብላት፣ «ፍሪጁ አሁንም ያንኳኳል በይው» አለችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሷን ስቤ ላለብሳት ስነሳ እጄን ያዘችኝ። «ለትልቁ ልጄ፣ ዓይንህ ጤነኛ ነው ብላለች በይው። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አውቀዋለሁ በይው።» እንዳለችው ጻፍኩልህ።

እንግዲህ ልጨርስ። እሺ ካልክ ስምህ ከላይ፣ የእኔ ከሥርህ ይሆናል፤ ስህተትህም ልክህም በአንድ ገጽ ላይ ይወጣል። እምቢ ካልክም አልቀየምህም። ስምህን አልጽፍም፣ ጽሑፉ በእኔና በፕሮፌሰሩ ስም ይሄዳል። ግን አንድ ነገር እወቅ። መግቢያው ላይ «ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ወንድሜ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቻለሁ። ፕሮፌሰሩ «በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ወንድሜ አይባልም» ብለው ሰረዙት። መልሼ ጻፍኩት። ደግመው ሰረዙት፤ እኔም ደግሜ ጻፍኩት። ትናንት ሳየው ትተውታል።

ታናሽ እህትህ
ሚጢ